አዳሪ የጦር ትምህርት ቤትና የወሎ ተማሪ

አዳሪ የጦር ትምህርት ቤት ተማሪው እዚያው ግቢ እየበላና እያደረ የቀለም ትምህርትና የውትድርና ሥልጠና አንድ ላይ የሚወስድበት ተቋም ነው። በኢትዮጵያ ምድር ጦር ታሪክ ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤትና የሐረር ጦር አካዳሚ ናቸው። ሁለቱም ከወሎ ሩቅ ናቸው። መኮንን መሆን የፈለገ የደሴ ልጅ የከተማውን ተራራ ጦሳን ከኋላው ትቶ መውጣት ነበረበት።

ከቤት ርቆ መማር ግን ለወሎ እንግዳ አልነበረም። ሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአባ ኢየሱስ ሞአ ጊዜ፣ ደቀ መዛሙርት ከየአገሩ የሚሰበሰቡበት ገዳም ነበር። ቦሩ ሜዳ በመምህር አካለ ወልድ ጉባኤ ይታወቃል፤ ሾንኬና ዳና ደግሞ ደረሳዎች፣ ማለት የእስልምና ትምህርት ተማሪዎች፣ ኪታብ ለመቅራት ከሩቅ የሚመጡባቸው ቦታዎች ናቸው። የቆሎ ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይለምናል፣ በየደጁ ከውሻ ጋር ይታገላል። ደረሳውም የሚኖረው ከመንደሩ በሚመጣለት ምግብ ነው። ዕጩ መኮንኑ ከእነዚህ የሚለየው በመንግሥት ቀለብ በመማሩ ነው፤ ምግቡም ልብሱም አልጋውም ከመንግሥት ነው። ብዙ ልጅ ያለበት የገበሬ ቤት ይህን እንዴት አድርጎ እንደሚያየው መገመት አያዳግትም።

ውትድርና ራሱ ቀድሞ የሚለመደው በጌታ ቤት ነበር። ልጁ ከመኳንንት ግቢ ይገባል፣ ጋሻ ይሸከማል፣ ፈረስ ይቀልባል፣ ጉግስ ይጫወታል፣ ሲጠነክር ጌታውን ተከትሎ ይዘምታል። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ከሸዋ ጦር ጋር ተዋግቶ የተሸነፈው የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ጦር ከዚህ ዓይነት አስተዳደግ የወጣ ነው። ካርታ ማንበብና መድፍ ማነጣጠር ግን በጌታ ቤት አይገኝም።

ሆለታ የተከፈተው በ1927 ዓ.ም. ነው፤ ቦታው ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የምኒልክ የቀድሞ ግቢ ነበር። ያስተማሩት በካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች ናቸው። ትምህርቱ መልክ ሳይዝ የጣሊያን ጦርነት ደረሰ። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ደሴ ሰፍረው ሳለ ኅዳር 26 ቀን 1928 ከተማዋ በአውሮፕላን ተደበደበች፤ ሚያዝያ 7 ቀን ደግሞ በጣሊያን እጅ ገባች። ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የሚገሰግሰውን ጦር ከደብረ ሲና በላይ ባለው መተላለፊያ፣ ጣርማ በር ላይ እንዲያዘገዩ የታዘዙት እነዚሁ የሆለታ ልጆች ነበሩ። ታንክና አውሮፕላን ላለው ጦር ትምህርቱን ያልጨረሰ ተማሪ ምን ያህል ይመክታል? መከላከያው ተሰበረ። ከመካከላቸው ግን ወደ ነቀምት ዘልቀው በዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ይመራ የነበረውን የአርበኞች ድርጅት፣ የጥቁር አንበሳ ማኅበርን የተቀላቀሉ ነበሩ። ከነጻነት በኋላ ሆለታ እንደገና ተከፈተ።

የሐረር አካዳሚ ሌላ ዓለም ነው። በ1950 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን አሠልጣኞቹ የህንድ መኮንኖች ነበሩ፤ ትምህርቱ ሦስት ዓመት ይፈጅ ነበር። የሚፈልገው ትምህርቱን የገፋ፣ ዩኒቨርሲቲ ቢገባ የማያሳፍር ተማሪ ነበር። ስለዚህ ዕጩው ከሰልፍና ከተኩስ ሌላ የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት ይማር ነበር፤ ሲመረቅ ምክትል መቶ አለቃ ይሆናል። ከወሎ ለሚሄድ ተማሪ ጉዞው ራሱ ፈተና ነው። በአውቶቡስ ከደሴ በኮምቦልቻ፣ በከሚሴና በደብረ ሲና አድርጎ ጣርማ በርን ወጥቶ አዲስ አበባ ይገባል፤ ከዚያ በምድር ባቡር ድሬዳዋ፣ ከድሬዳዋ ደግሞ በመኪና ሐረር።

የአዳሪ ጦር ትምህርት ቤት ጠባይ በደንብ የሚታየው በማለዳ ነው። ፊሽካ ሲነፋ መነሣት፣ ሩጫ፣ መታጠብ፣ አልጋ ማንጠፍ፣ ከዚያ ፍተሻ። አንሶላው ከተጨማደደ ወይም የቡት ጫማው ጫፍ ካላንጸባረቀ ቅጣት አለ፤ ቅጣቱም ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ሩጫ ነው። ምግብ በሰዓት፣ ጥናት በሰዓት፣ መብራት ማጥፋት በሰዓት። ነባሩ ጀማሪውን ያዝዛል፤ ጀማሪው ደግሞ ነባር ሲሆን ይበቀላል፣ የበቀሉን ዋጋ ግን የሚከፍለው ያው አዲስ ገቢው ነው። በቤቱ «አንተ ልጅ» ተብሎ የሚጠራው ወጣት በአንድ ሌሊት በአባቱ ስም ወይም በቁጥር መጠራት ይጀምራል። ብዙዎቹን ያጸናቸው ትእዛዙ ሳይሆን አጠገባቸው የሚተኛው ጓደኛ ይመስለኛል፤ የአንድ ኮርስ ልጆች ዝምድና ጡረታ ከወጡ በኋላም አይበጠስም።

ሆለታ በንጉሡ ዘመን ከተራ ወታደርነት የተነሡትን ወደ መኮንንነት ያሳድግ ስለነበር፣ በሁለቱ ግቢዎች ምሩቃን መካከል መናናቅ አልጠፋም። የሐረሩ «የተማረ» ነኝ ይላል፣ የሆለታው «ጦሩን የማውቀው እኔ ነኝ» ባይ ነው። ፉክክሩ ቀልድ ብቻ አልነበረም። በ1967 ዓ.ም. ሥልጣን ከያዘው ደርግ ውስጥ ከፍ ብሎ የወጣው መንግሥቱ ኃይለማርያም የሆለታ ምሩቅ ነው። የሐረር አካዳሚ ግን አብዮቱ በፈነዳ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተዘጋ፤ የመኮንን ሥልጠናም ወደ ሆለታ አደላ።

ደሴ ላይ ለዩኒቨርሲቲም ለአካዳሚም ተማሪ ሲያዘጋጅ የኖረው የወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ነው፤ ስሙን ያገኘው ከእቴጌ መነን እናት ነው። ዋለልኝ መኮንን የተማረው እዚያ ነው፤ እሱ የሄደው ወደ ዩኒቨርሲቲው፣ ወደ ተማሪዎች ንቅናቄ ነበር። ዛሬ በወይዘሮ ስኂን ስም የሚጠራው ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ነው፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴና በኮምቦልቻ ተከፍቷል። ኮሌጅ ለመግባት ጣርማ በርን መሻገር ግዴታ አይደለም።