ሳቫና ምንድን ነው?

በትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መጽሐፍ ሳቫናን የሚያስተዋውቀን በአንድ ሥዕል ነው፤ ረጅም ሳር፣ ጃንጥላ የመሰለ ግራር፣ ከግራሩ ሥር ቀጭኔ። ሥዕሉ ውሸት አይደለም። ግን ሰው የለበትም፣ ከብት የለበትም፣ እሳትም የለበትም። ከጂንካ ወደ ማጎ ብሔራዊ ፓርክ ቁልቁል የወረደ ተጓዥ ሦስቱንም አንበሳ ከማየቱ በፊት ያገኛቸዋል። አንበሳውን ምናልባት ጨርሶ ላያይ ይችላል።

ቃሉ ራሱ የአፍሪካ አይደለም። ስፔኖች በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከካሪቢያን ደሴቶች ነባር ሕዝብ ከታይኖዎች የወሰዱት ሲሆን፣ ያኔ ዛፍ የሌለበት ሜዳ ማለት ነበር። ኋላ ላይ ትርጉሙ ሰፍቶ ዛፍ ያለበትንም ጨመረ። በአማርኛ በልኩ የሚተካው ቃል የለንም። «ቆላ» የሚነግረን ከፍታውንና ሙቀቱን ነው፤ «ሜዳ» የመሬቱን አቀማመጥ። «በረሃ» ደግሞ የባሰ ያሳስታል። ከደጋ ሆኖ ለሚያይ ሰው ቁልቁል ያለው ሁሉ በረሃ ነው፤ ሰንበሌጡ የሰው ቁመት ቢያህል እንኳ የሄደው ሰው «በረሃ ወረደ» ነው የሚባለው። በረሃ ሲባል ደግሞ ባዶና ባለቤት የሌለው ይመስላል። ሳቫና ሁለቱንም አይደለም።

በአጭሩ፣ ሳቫና ማለት ሳሩ መሬቱን ሳያቋርጥ የሸፈነበት፣ ዛፍ ቢኖርም ቅርንጫፍና ቅርንጫፍ ገጥሞ ጥላ ያልሠራበት፣ የዝናብና የደረቅ ወቅት ለይቶ የሚፈራረቅበት ምድር ነው። የዓለምን የብስ አንድ አምስተኛ፣ የአፍሪካን ግማሽ ያህል ይሸፍናል። ትርጉሙ እዚህ ላይ ቢያበቃ መዝገበ ቃላት ይበቃ ነበር። ቁም ነገሩ ግን ሌላ ጥያቄ ውስጥ ነው፤ ዛፍ የሚያበቅል ዝናብ እያለ ይህ መሬት ለምን ጫካ አልሆነም?

ዋናው መልስ እሳት ነው። ሳር የሚያድገው ከሥሩ ነው፤ እድገቱ የሚነሣበት ቦታ ከመሬት ጋር ተጣብቆ ወይም ከመሬት በታች ስላለ፣ ላዩ ተቃጥሎ አመድ ቢሆንም ጥቂት ሲርሰው መልሶ ይለመልማል። ችግኝ ግን የሚያድገው ከጫፉ ነው። ሰደድ እሳት ሲያልፍ ግንዱ ይሞታል፣ ሥሩ ይተርፋል፣ በሚቀጥለው ክረምት እንደገና ያቆጠቁጣል፣ በሚቀጥለው በጋ እንደገና ይቃጠላል። ስለዚህ አንድ የግራር ችግኝ ሥሩ ያረጀ፣ ቁመቱ ግን ከሳሩ ያልበለጠ ሆኖ ለዓመታት ሊኖር ይችላል። ሁለት ሦስት ዓመት እሳት ሳይነካው ቀርቶ ጫፉ ከነበልባሉ በላይ ከወጣ ግን አመለጠ፤ ያኔ ዛፍ ይሆናል። በሜዳው ላይ ዛፎች ተራርቀው፣ አንዳንዴም ባንድ ዕድሜ ተሰባስበው የሚታዩት ከእነዚህ ጥቂት ዕድለኛ ዓመታት የተነሣ ነው። በደቡብ አፍሪካው ክሩገር ፓርክ ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንዳንዱን ቁራሽ መሬት በየዓመቱ እያቃጠሉ፣ አንዳንዱን ከእሳት እየጠበቁ ሲያነጻጽሩ ኖረዋል። በተለይ ዝናብ በሚበዛበት በኩል፣ እሳት የተከለከለው ቁራሽ ቁጥቋጦ ሞላው።

ሁለተኛው መልስ አፍ ነው። ዝሆን ዛፍ ይገነድሳል፣ ቀጭኔ ጫፉን ይቀነጥሳል፣ ሳር በሉ መንጋ ደግሞ የእሳቱን ማገዶ ቀድሞ ይበላዋል። ይህ ሦስተኛው ነገሩን ያወሳስበዋል፤ ምክንያቱም ሳሩን የሚበላው አውሬ ሳያውቀው ዛፉን ከእሳት እያዳነ ነው። ማስረጃው የታየው ታንዛንያ ውስጥ፣ ሰሬንጌቲ ላይ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ዊልደቢስት የሚባለው የሰሬንጌቲ ሳር በል አውሬ ሩብ ሚሊዮን ገደማ ነበር። በአካባቢው ያሉ የቤት ከብቶች ደስታ ለሚባለው የከብት ወረርሽኝ ተከተቡ። በሽታው ከከብቶቹ ሲጠፋ ከአውሬውም ጠፋ፤ ዊልደቢስቱ በ1970ዎቹ ማብቂያ 1.3 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። ሳሩ ተበላ፣ የሚቃጠለው መሬት ቀነሰ፣ ዛፉ ጨመረ። ላም የተወጋችው ክትባት ዛፍ አበቀለ ማለት ነው።

ደስታን ያነሣሁት ለሰሬንጌቲ ብቻ አይደለም። አያቶቻችን «ክፉ ቀን» ያሉትን ረሃብ ያመጣው ይኸው በሽታ ነው። በ1887 እ.ኤ.አ. በምፅዋ በኩል ገብቶ የኢትዮጵያን በሬ ጨረሰ፤ ከዚያ በምሥራቅ አፍሪካ አድርጎ ወደ ደቡብ ወረደ፣ በ1890ዎቹ ማብቂያ ደቡብ አፍሪካ ደረሰ። ጎሹንም፣ ከብቱንም፣ ከብቱን ተከትሎ አርቢውንም ፈጀ። ሳር የሚግጥና በእሳት የሚያጸዳ በጠፋበት ቆላ ሁሉ ቁጥቋጦው ወፈረ፤ ጥላ የሚወደው የቆላ ዝንብም (ጼጼ) ቁጥቋጦውን ተከትሎ ተስፋፋ። በዚያን ጊዜ የደረሱ አውሮፓውያን ያዩት ከጥቂት ዓመት በፊት ሰው የሞተበትን መሬት ነበር። «ያልተነካ ዱር» አሉት። በሽታው ከዓለም ጠፍቷል ተብሎ የታወጀው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው፤ «ያልተነካ ዱር» የሚለው አነጋገር ግን እስካሁን በጉዞ ማስታወቂያ ላይ አለ።

አሁን ወደ ኦሞ እንውረድ። ከወንዙ በስተ ምዕራብ የኦሞ ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ በ1966 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ፣ ስፋቱ ከ4,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ። በስተ ምሥራቅ ደግሞ የማጎ ፓርክ አለ፣ በስፋት የኦሞን ግማሽ ያህል። ሁለቱም ሲከለሉ ሰው ነበረባቸው፤ ሙርሲ፣ ሱሪ፣ ኛንጋቶም፣ ክዌጉ፣ ሚኤን፣ ዲዚ። እንዲያውም ሰው እዚያ አካባቢ ከመቼ ጀምሮ አለ ከተባለ መልሱ ያስደነግጣል። በኦሞ ኪቢሽ በ1967 እ.ኤ.አ. የተገኘው የዘመናዊ ሰው ቅሪት፣ በ2022 በወጣው ጥናት መሠረት ቢያንስ የ233,000 ዓመት ዕድሜ አለው።

ሙርሲዎች በዚህ መሬት ላይ የሚኖሩበትን መንገድ ያስተዋለ ሳቫናን ያውቃል። የማሽላ እርሻቸው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የኦሞ ጎርፍ ሞልቶ ሲሸሽ በተወው ደለል ላይ፣ ሌላው በበልግ ዝናብ፣ ከወንዙ ራቅ ብሎ። ከብቶቻቸው ግን ወንዙ ዳር አይከርሙም፤ የወንዙ ዳር ጫካ የቆላ ዝንብ አለበት፣ ዝንቡም ገንዲ የሚባለውን የከብት በሽታ ያመጣል። ስለዚህ ማሽላው ወደ ውኃው፣ ከብቱ ወደ ሳሩ ይሄዳል፤ ቤተሰቡም እንደ ወቅቱ በሁለቱ መካከል ይመላለሳል። በበጋ ሳሩን ያቃጥላሉ፤ አዲስ ግጦሽ እንዲወጣ፣ ቁጥቋጦው እንዲገታ፣ ዝንቡ መጠለያ እንዲያጣ። ከመኪና መስኮት ለሚያይ እንግዳ ይህ ጥፋት ነው። ለዝንቡም ጥፋት ነው፣ ለሳሩ ግን አይደለም።

ከብት ምግብ ብቻም አይደለም። በሙርሲ ቋንቋ የቀለም ስም የሚባለው የከብት መልክ ስም ነው፤ ሰማዩንም ጨርቁንም የሚጠሩት በዚያው ነው። እኛም ዳማ፣ ቡላ፣ ቦራ የሚሉ ለፈረስና ለከብት መልክ የወጡ ስሞች አሉን፤ ሙርሲዎች እነዚህን የመሰሉ ስሞች ይዘው ዓለሙን ሁሉ ቀለም ሰጡት ማለት ነው።

የጉዞ ፕሮግራሞች ግን ነገሩን ለሁለት ይከፍሉታል፤ ጠዋት «ባህል»፣ ከሰዓት «አራዊት»። ይህ አከፋፈል ይመስለኛል ሁለቱንም የሚያበላሸው። ጠዋት መኪናው መንደር ዳር ይቆማል፣ ሰው ይሰለፋል፣ በፎቶ ሒሳብ ይከፈላል። የከንፈር ሸክላ ያደረገች ሴት ለካሜራ ብላ ቀንድና ቅል ራሷ ላይ ትደራርባለች፤ ይህን ጌጥ እንዲህ ደራርባ የምታደርገው እንግዳ ስለሚወደው ነው። ሸክላውም ቀኑን ሙሉ የሚደረግ አይደለም፤ ለወንዶች ምግብ ሲቀርብ፣ ላም ሲታለብ፣ ድግስ ሲኖር ነው ወጉ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሻጭና ገዢ ሆነው ይለያያሉ። ክፍያው ነውር የለበትም፤ የሚያሳዝነው ስለ ከብቱ፣ ስለ ሳሩ፣ ስለ ጎርፉ አንድም ጥያቄ ሳይጠየቅ ማለፉ ነው። አንድ ቀን ሙሉ እዚያው ቆይቶ፣ ካሜራውን ከትቶ፣ ከብት ሲገባ ያየ ሰው ሌላ ነገር ይዞ ይመለሳል።

ከሰዓት በኋላስ? የሰሬንጌቲን መንጋ ጠብቆ የሚመጣ ይከፋዋል። ማጎ የሚታወቀው በጎሽ ነው፤ ዝሆኑ በአደን ሳስቷል፣ የቀረውም ሰው ሲሰማ ይሸሻል። ቁጥቋጦው ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ነው። አጋዘን፣ አምበራይሌ፣ ከርከሮ፣ ዝንጀሮ፣ ብዙ ዓይነት ወፍ ይታያል። መሬቱ በየቦታው ዋልካ ስለሆነ ዝናብ ሲጥል መኪና ይውጣል፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ጊዜ ይሻላል። መሣሪያ የያዘ ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) አብሮ ይሄዳል። የወባ መድኃኒትና አጎበር ይያዝ፤ የቆላ ዝንቡ ደግሞ በቀን በልብስ ላይ እንኳ ይነክሳል፣ ጥቁርና ሰማያዊ ልብስም ይስበዋል።

አሁን አሁን ሜዳውን የሚቀርጸው እሳትና መንጋ ብቻ አይደለም። የግልገል ጊቤ 3 ግድብ፣ ቁመቱ 243 ሜትር፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ውኃ መያዝ ከጀመረ ወዲህ የቀድሞው የኦሞ ዓመታዊ ጎርፍ ቀርቷል፤ በ2011 የተጀመረው የኩራዝ ስኳር ፕሮጀክትም የፓርኮቹን መሬት በከፊል ለአገዳ ወስዷል። ግድቡ ለአገር መብራት ይሰጣል፣ ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን የደለል እርሻው የቀረበት ሰው የዝናቡን እርሻ ያሰፋል፣ አደን ያበዛል ወይም ከብቱን ቀድሞ ወደማያሰማራበት ሳር ይነዳል። ሰውን የነካ ነገር ሳሩን ሳይነካ አይቀርም።

የቆየ የከብት በረት ሜዳውን የሚጠቅመው ስንት ዘመን ነው ለሚል፣ ኬንያ ውስጥ ናሮክ አካባቢ የተጠና ነገር አለ። ከ1,500 እስከ 3,700 ዓመት በፊት አርቢዎች ከብት ያሳደሩባቸው ቦታዎች፣ ከእበቱ የተነሣ አፈራቸው ዛሬም ከዙሪያው ይወፍራል። ለምለም ሳር ያበቅላሉ፤ የዱር እንስሳትም እየመረጡ ይግጡባቸዋል።

ስለዚህ ፓርክ የሚገባ ሰው ስካውቱን አንበሳ የት አለ ከማለቱ በፊት ዘንድሮ የተቃጠለው የቱ ጋ ነው ብሎ ቢጠይቅ ይሻላል። ጥቁሩ መሬት ላይ አዲስ ሳር ሲወጣ ሚዳቋውም ከርከሮውም እዚያ ነው የሚወርዱት፤ እነሱን የሚበላውም ሩቅ አይሆንም።