«ድኛለሁ» ማለት ትዕቢት ነው? ስለ መዳን የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ልቅሶ ቤት ስለ ነፍስ ወሬ ከተነሳ፣ አንዱ «ድኛለሁ» ይላል፤ ሌላው «ይሄማ ድፍረት ነው» ይለዋል። ከዚያ ክርክሩ ይቀጥላል።

«እርግጠኛ ነኝ የሚል ሰው ትዕቢተኛ ነው»

በራሱ ሥራ ተመክቶ ከሆነ፣ አዎ፣ ትዕቢት ነው። ዮሐንስ ግን በመጀመሪያ መልእክቱ (5፥13) የጻፈበትን ምክንያት ሲናገር «የዘላለም ሕይወት እንዳላችሁ ታውቁ ዘንድ» ይላል። ከክርስቶስ ጎን የተሰቀለውን ወንበዴ እዩት። ጾም የለው፣ ምጽዋት የለው። እጁ ተቸንክሯል፤ የሰረቀውን እንኳ መመለስ አይችልም። በሉቃስ 23 ላይ ቅጣቱ እንደሚገባው አምኖ «አስበኝ» ብቻ አለ። «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» ተባለ። ሰውየው የያዘው ይህን ቃል ብቻ ነው፤ ታዲያ በምኑ ይኩራራ? በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቅዳሴም «ፈያታዊ ዘየማንን (በቀኝ የተሰቀለውን ወንበዴ) እንዳሰብኸው እኛንም አስበን» ተብሎ ይለመናል።

እርግጥ ሁሉም አብያተ ክርስቲያናት እዚህ ላይ አይስማሙም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1547 በትሬንት ጉባኤ፣ ልዩ መገለጥ ያልተሰጠው ሰው እስከ መጨረሻው እንደምጸና ፍጹም እርግጠኛ ነኝ ሊል አይገባም ብላለች። በ1618 እና 1619 በሆላንድ ዶርት ከተማ የተሰበሰቡት የካልቪን ተከታይ ፕሮቴስታንቶች ደግሞ እግዚአብሔር የመረጣቸውን እስከ መጨረሻው ይጠብቃል አሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። የመጀመሪያውን የሚከተል ሰው ግን ተስፋ የለውም ማለት አይደለም።

«በእምነት ከዳንኩ ሥራ ምን ያደርግልኛል?»

በጸጋ በእምነት ድናችኋል፣ ከሥራ አይደለም የሚለውን ኤፌሶን 2፥8-9ን የሚጠቅስ ብዙ ነው። ቁጥር 10 ላይ ለመልካም ሥራ እንደተፈጠርን ተጽፏል፤ እዚያ ድረስ የሚያነብ ግን ጥቂት ነው።

«ጳውሎስና ያዕቆብ ይጋጫሉ»

ጳውሎስ ሰው ያለ ሕግ ሥራ በእምነት ይጸድቃል ይላል፤ ያዕቆብ ደግሞ በእምነት ብቻ አይደለም፣ በሥራም ነው ይላል። ግን አይጋጩም። የሚናገሩት ለተለያየ ሰው ነው። ጳውሎስ የሚመልሰው ሕግ በመፈጸም እጸድቃለሁ ለሚል ሰው ነው። ያዕቆብ ደግሞ የተራቆተና የዕለት ምግብ ያጣ ወንድሙን «በደኅና ሂዱ፣ እሳት ሙቁ፣ ጥገቡም» ብሎ የሚሸኘውን ይወቅሳል። በባዶ ሆድ ጥገቡ! እንዲህ ያለውን እምነትማ አጋንንትም አላቸው፤ ያምናሉ፣ ይንቀጠቀጣሉ። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽንና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም እ.ኤ.አ. ጥቅምት 31 ቀን 1999 በአውግስበርግ የጋራ መግለጫ ፈርመዋል። ሐሳቡ ሲጠቃለል፦ በእግዚአብሔር ፊት ተቀባይነት የምናገኘው በሥራችን ሳይሆን በጸጋ ነው፤ ጸጋው ግን ለመልካም ሥራ ያነሳሳናል። መካነ ኢየሱስም የዚህ ፌዴሬሽን አባል ናት።

«ጥርጣሬ ከመጣብኝ እምነት የለኝም ማለት ነው»

በማርቆስ 9 ላይ የታመመ ልጁን ያመጣ አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ጮኸ። ኢየሱስ «መጀመሪያ ጥርጣሬህን ጨርሰህ ና» አላለውም። ልጁን ፈወሰለት።

«አንዴ እጄን አንስቼ ጸልያለሁ፤ አለቀ ደቀቀ»

ይህ በእኛ በወንጌላውያን ዘንድ የተለመደ ነው። ጸሎቱን አልንቅም፤ ብዙዎች የጀመሩት ከዚያ ነው። ነገር ግን ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በእምነት እንደሆናችሁ ራሳችሁን መርምሩ ሲል፣ የጸለያችሁበትን ቀን አስታውሱ አላለም። እርግጠኝነትን የጻፈልን ዮሐንስ ራሱ ከሞት ወደ ሕይወት መሻገራችንን የምናውቀው ወንድሞችን ስለምንወድ ነው ይላል (1ኛ ዮሐንስ 3፥14)። ዓመቱን ሙሉ ከወንድሙ ጋር ተኳርፎ «እኔ ድኛለሁ» ለሚል ሰው፣ ሊመረመር የሚገባው እዚህ ጋ ነው።