ስሜ ሳይጠራ የቀረ ጁምዓ

አሰላሙ ዐለይኩም ወንድሞቼና እህቶቼ።

ደሴ ላይ ነው። ጁምዓ ከተሰገደ በኋላ ለመስጂዱ ምንጣፍ ያዋጡ ሰዎች ስም ከወረቀት ይነበባል። እኔም ሰጥቻለሁ። ጆሮዬን አቁሜ ቁጭ አልኩ። ከእኔ በፊት የሰጠው ጎረቤቴ ተጠራ። ከእኔ በኋላ የሰጠውም ተጠራ። ወረቀቱ ታጠፈ። እኔ የለሁም።

ወደ ኮምቦልቻ ስመለስ ሚኒባሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ ይወርዳል፤ እኔ ደግሞ ይህንኑ አብሰለስላለሁ። ለጸሐፊው ልደውል? "ለስም ብዬ እንኳን አይደለም፣ ሒሳቡ እንዳይዛባ ብዬ ነው" የምትል ቆንጆ ሰበብም አዘጋጅቼ ነበር። በእጄ ሙስበሃ (የጸሎት መቁጠሪያ) ይዣለሁ። ጣቴ ይቆጥራል፣ ልቤ ግን የራሴን ስም ነው የሚያነሳው።

እኛ ዘንድ ይህቺን "እኔ፣ እኔ" የምትል ነገር ነፍሲያ እንላታለን። ቁርኣን በሦስት መልኳ ያሳየናል። በሱረቱ ዩሱፍ (12፥53) በመጥፎ ታዛለች። በሱረቱል ቂያማ (75፥2) ራሷን ትወቅሳለች። በሱረቱል ፈጅር (89፥27) ደግሞ ረግታ ወደ ጌታዋ ትጠራለች። እኔ ኮምቦልቻ እስክደርስ ሁለቱን አግኝቻቸዋለሁ። ሦስተኛዋ ያን ቀን አልተሳፈረችም።

ያስደነገጠኝ ግን ሱረቱል ጃሢያ (45፥23) ነው። ዝንባሌውን አምላኩ አድርጎ ስለያዘ ሰው ይናገራል። ጣዖት ሲባል የምናስበው ድንጋይና እንጨት ነው። ድንጋይስ ይታያል፣ ትሸሸዋለህ። "እኔ" ግን አብራህ ውዱእ አድርጋ፣ አብራህ ሰግዳ፣ ሶደቃም አብራህ ሰጥታ ትወጣለች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለተከታዮቻቸው የፈሩት ትንሹን ሽርክ (በአላህ ላይ ማጋራት) ነው። ምንድን ነው ሲባሉ "ሪያእ" አሉ፤ ለሰው ይዩልኝ ማለት ነው። ይሰሙልኝም ያው ነው፤ የእኔ እንዲያውም በድምፅ ማጉያ ነበር።

አንዳንዱ ወንድም ይህቺን "እኔ" ስለማጥፋት፣ ከአላህ ጋርም ስለ አንድነት ሲያወራ ቶሎ ከፍ ይላል። በ922 እ.ኤ.አ. ባግዳድ ውስጥ የተገደለውን የሱፍዮች (የመንፈሳዊ መንገድ ተጓዦች) ሰው ሐላጅን ያነሳል፤ "አነል ሐቅ" ("እኔ ሐቅ ነኝ"፤ ሐቅ የአላህ ስም ነው) ብሏል ተብሎ የሚነገርለትን። በእሱ ቃል ዑለማዎች ብዙ ተከራክረዋል፤ እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም። ሱፍዮች "ፈና" (መጥፋት) የሚሉትን ግን ጠንቃቆቹ ሲያስረዱ፣ ሰው ራሱን ማየት ይተዋል እንጂ ጌታ አይሆንም ይላሉ። ባሪያ ባሪያ ነው። አንድነቱ የአላህ ነው፣ ተውሂድ የምንለውም እሱን ነው።

ጠብታዋ ባሕር ገብታ ጠፋች የሚለውን ምሳሌም ሰምታችኋል። እኛ አገር ይህ ምሳሌ ትንሽ ያስቸግራል። የቦርከና ወንዝ ወርዶ አዋሽን ይቀላቀላል፤ አዋሽም ባሕር አይደርስም፣ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። እስከዚያ ድረስ ግን ስንቱን ማሳ አጠጥቷል። ያጠጣው ገበሬ ይህቺኛዋ ውሃ የቦርከና ናት ብሎ አይለይም።

ለጸሐፊው አልደወልኩም። ኢኽላስ (ለአላህ ብቻ ብሎ መሥራትን) አግኝቼ እንዳይመስላችሁ፣ ካርድ አልቆብኝ ነው።

በሚቀጥለው ጁምዓ "ባለፈው የተዘለሉ" ተብሎ ስሜ ተነበበ። የአባቴን ስም ግን ተሳስተው አነበቡት። ለማረም እጄ ሽቅብ ሲወጣ አየሁት፤ ግማሽ መንገድ ላይ ያዝኩት።