«ሰው የነበረ» ወይስ «ሰው የነበረች»? የጭራቅ ተረቶች ስምና ጾታ

አውሬው ተወግቶ ይወድቃል። ሲነጋ ሄደው ሲያዩት የተጋደመው ሰው ነው። ይህ አተራረክ በብዙ ሕዝቦች ተረት ውስጥ አለ። አውሮፓ ውስጥ ሰውየው ተኩላ ይሆናል፣ እኛ ዘንድ ጅብ። ዛሬ በፊልሙም በጌሙም ሞልቷል። የሚጠራባቸው ስሞች ግን አብዛኛውን ጊዜ ለወንድ የተሰፉ ናቸው። በእንግሊዝኛ የተለመደው አጠራር «ድሮ ሰው ነበር» እንደማለት ነው። ችግሩ፣ እዚያ ላይ «ሰው» ለማለት የገባው «ማን» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል «ወንድ» ማለትም መሆኑ ነው። ሴት የነበረች ጭራቅ ስትመጣ ስሙ አይሆናትም።

ነገሩ የቆየ ነው። ተኩላ የሚሆነው ሰው በእንግሊዝኛ የሚጠራበትን ዌርዎልፍ የሚለውን ስም እንውሰድ። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ዌር» ወንድ፣ «ዊፍ» ሴት ነበር። «ማን» የሚለው ቃል ደግሞ እንደኛ «ሰው» ለሁለቱም ያገለግል ነበር። ኋላ «ዌር» ከሰው አፍ ጠፋ፣ «ማን» ቦታውን ወስዶ ወደ ወንዱ አጋደለ። የጠፋው ቃል በአውሬው ስም ውስጥ ተደብቆ ቀረ። ግሪኮቹ «ሊካንትሮፖስ» ሲሉ ግን «ሊኮስ» ተኩላ፣ «አንትሮፖስ» ሰው ነው። በአማርኛ «ሰው ተኩላ» የሚለው ትርጉምም ልክ እንደ ግሪኩ ጾታ አይለይም። እኔ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ይህን እወደዋለሁ።

ምክንያቱም ተረቶቹ ራሳቸው ሴቶቹን አልረሱም። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የዌልሱ ጄራልድ ስለ አየርላንድ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ የኦሶሪ ተኩላዎች ታሪክ አለ። በአንድ ቅዱስ እርግማን የተነሳ በየሰባት ዓመቱ ከዚያ አገር አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተኩላ ሆነው ይሰደዳሉ። አንድ ቄስ ጫካ ውስጥ አድሮ ሳለ ተኩላ ቀርቦ በሰው ቋንቋ ያናግረዋል። «ጓደኛዬ ልትሞት ነው፣ አቁርብልኝ» ይለዋል። ቄሱ እየፈራ ይከተለዋል። ባዶ ግንድ ስር ሴቷ ተኩላ ታቃስታለች። ቄሱ ሲያመነታ ወንዱ በመዳፉ ቆዳዋን ከራሷ እስከ እምብርቷ ገፎ ያጥፈዋል። ከስር አንዲት አሮጊት ትወጣለች። ቄሱም ያቆርባታል። ቆዳው መልሶ ይገጠማል። ይህን ያነበበ ሰው፣ ከወንድ ስም የተሠራው ቃል ለዚህች አሮጊት እንደማይበቃት ወዲያው ይገባዋል።

ኤስቶኒያም አለች። ኤስቶንኛ ሰዋስዋዊ ጾታ የሚባል ነገር የለውም። ተኩላ የሚሆነውን ሰው «ሊባሁንት» ይሉታል፣ «ሐሰተኛ ተኩላ» እንደማለት። በጥንቆላ ክስ ዘመን በ18 ችሎቶች 18 ሴቶችና 13 ወንዶች ተኩላ ሆናችሁ ጉዳት አድርሳችኋል ተብለው ቀርበዋል። ስሙ ጾታ አልለየም፣ ክሱም አልለየም።

ከሴት ስም የተነሱ ጭራቆችም አሉ፣ እዚያ ግን ሌላ ነገር ይታያል። የግሪኳ ላሚያ ልጆቿ ተገድለውባት የሰው ልጆች መብላት የጀመረች ንግሥት ናት። የሜክሲኮዋ ላ ዮሮና፣ «አልቃሻዋ»፣ ልጆቿን አስጥማ የምትንከራተት ናት። የማሌዥያዎቹ ፖንቲያናክ በወሊድ የሞተች ሴት ናት። በግሪክ ተረት ያለው ወንዱ ንጉሥ ሊካኦን ግን ተኩላ የሆነው ለአምላክ የሰው ሥጋ ስላቀረበ ነው። ወንዱን ጥፋቱ አውሬ ያደርገዋል፤ ሴቷን ደግሞ እናትነቷ። ይህ ያሳዝነኛል።

ወደ አገራችን ስንመጣ የሰው ጅብ ታሪክ ከቡዳ ጋር ተያይዟል። በ1831 እ.ኤ.አ. የታተመው የእንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ ማስታወሻ፣ የጓደኛው አሽከር ጅብ ሆኖ ሄደ ሲባል የተሰማውንና ጆሮ ጌጥ ያደረጉ ጅቦችን ወሬ መዝግቧል። ይህ እንደ ዌርዎልፍ የቆየ ተረት ብቻ አይደለም። ቀጥቃጮችን፣ ሸክላ ሠሪዎችንና ቤተ እስራኤልን ለዘመናት ያስገለለ ስም ማጥፋት ነው። ብረቱን ወንዶች፣ ሸክላውን ሴቶች ይሠሩ ስለነበር ስሙ ሁለቱንም መትቷል።

«ቡዳ» የሚለው ቃል ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። አማርኛ ጾታውን የሚያወጣው በግሱ ነው። «ቡዳ በላት» ስንል የተበላችው ሴት ናት፣ የበላው ግን ወንድ ሆኖ ይመጣል። ጎረቤት የሚጠረጥረው አሮጊቷን ሸክላ ሠሪ ቢሆንም አባባሉ «በላት» እንጂ «በላቻት» አይደለም። እንግሊዝኛ ሴቷን በስሙ ውስጥ ይሸሽጋታል፣ አማርኛ በግሱ።

ሌላም ምክንያት አለ። አማርኛ ትንሹንና የሚወደደውን ነገር በሴት አንቀጽ መጥራት ይወዳል። ትንሽ ቤት «ቤቷ» ትባላለች። ትልቁና የሚያስፈራው ወንድ ይሆናል። «ጭራቅ መጣብህ» እንጂ «መጣችብህ» ብሎ ልጅ የሚያስፈራራ አልሰማሁም። በተረቱም «አያ ጅቦ» ወንድ ነው፣ «እሜቴ ጦጢት» ሴት። እውነተኛዋ ነጠብጣብ ሴት ጅብ ግን ከወንዱ ትገዝፋለች፣ መንጋውን የምትመራውም እሷ ናት።

ለተርጓሚና ለተረት ጸሐፊ መውጫው ቅርብ ነው። የእንግሊዝኛውን ስም «ወንድ ነበር» ብሎ መተርጎም ስህተት ነው። «ሰው ነበር» ይሻላል፣ ግሱ ግን አሁንም ወደ ወንድ ይስባል። የታወቀች ሴት ከሆነች «ሰው ነበረች» ማለት ነው። ካልታወቀ ብዙ ቁጥር አለ፤ «እነሱ» ጾታ የለውም። «ሰው የነበሩ ጭራቆች» ሲባል የኦሶሪው ተኩላም አሮጊቷም አብረው ይገባሉ።