ቱና ምን ዓይነት ዓሳ ነው?

ድሬዳዋ ውስጥ ቱና ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በየሱቁ የሚደረደረውን ቆርቆሮ ነው። ዓሳው ራሱ ግን ከጅቡቲ ወዲያ፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤና በሕንድ ውቅያኖስ፣ ትናንሽ ዓሳ እያሳደደ የሚኖር አዳኝ ነው። ቱና የአንድ ዝርያ ስም አይደለም። ለቆርቆሮ በብዛት የሚውለው ሆዱ ላይ ጥቋቁር መስመሮች ያሉት ስኪፕጃክ ነው፤ ርዝመቱ ከ1 ሜትር ብዙም አያልፍም። ባለ ቢጫ ክንፉ ቱና ግን ከ2 ሜትር በላይ ረዝሞ እስከ 200 ኪሎ ይመዝናል።

ቀረሶና አምባዛ አፋቸውን ከፈት ዘጋ እያደረጉ ውሃ ወደ መተንፈሻቸው፣ ወደ ስንጥባቸው፣ ይገፋሉ። ቱና ይህን አይችልም። አፉን ከፍቶ ወደ ፊት ሲዋኝ ብቻ ነው ውሃው በስንጥቡ የሚያልፈው፤ ከቆመ ይታፈናል። ስለዚህ ሌት ተቀን ይዋኛል።

ይህን ሥራ የሚሸከመው ኦክስጅን የሚይዝ ፕሮቲን የበዛበት ቀይ ጡንቻ ነው። ቆርቆሮ ሲከፈት አልፎ አልፎ የሚታየው ጠቆር ያለ ቁራጭ እሱ ነው፤ ብልሽት አይደለም። ሌላው ዓሳ የጡንቻውን ሙቀት በስንጥቡ በኩል ለውሃው ይለቃል። በቱና ግን ከጡንቻው የሚመለሰው ሙቅ ደም፣ በጎኑ ወደ ጡንቻው የሚገባውን ቀዝቃዛ ደም ስለሚያሞቅ ሙቀቱ እዚያው ይቀራል። ልቡ ብቻ ከዚህ አይጠቀምም፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ አብሮ ይቀዘቅዛል፣ ምቱም ይዘገያል። ባለ ቢጫ ክንፉ ጠልቆ መውረድ ቢችልም አብዛኛውን ጊዜ ከላይኛው 100 ሜትር የማይርቀው አንድም በዚህ ነው። በአረብ ባሕር ደግሞ ከታች ኦክስጅን በጣም ስለሚያንስ ወደ ላይ ይገፋል፤ ለመረብም ይጋለጣል። እኛ ዘንድ ክረምት ሲሆን ሶማሊያ ዳርቻ የሚነፍሰው ነፋስ ምግብ የበዛበትን ቀዝቃዛ ውሃ ከጥልቁ ያወጣል፤ ትናንሽ ዓሳዎች ይበዛሉ፣ ቱናውም ይከተላል።

ሥጋው ሂስቲዲን የተባለ አሚኖ አሲድ ሞልቶበታል። እንደተያዘ በበረዶ ካልቀዘቀዘ ባክቴሪያ ወደ ሂስታሚን ይለውጠዋል፤ ይህን ማብሰልም ማሸግም አያጠፋውም። የበላው ሰው በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ፊቱ ይቀላል፣ ራሱን ያመዋል፣ ያሳክከዋል፤ ብዙ ጊዜ አለርጂ ይመስላል። የተከፈተ ቆርቆሮም በድሬ ሙቀት ከዋለ ያው አደጋ አለበት። የተረፈውን ክዳን ባለው ዕቃ ገልብጡና ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገቡ፤ በ2 ቀን ጨርሱት። መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ለሰዓታት ከሞቀ ሽታው ደህና ቢመስልም ጣሉት፤ ሂስታሚን አይሸትም።