ዶት ኢቲ እና ዘመዶቹ፦ የአገር ቅጥያ ስንት ያወጣል?

ዶት ኢቲ የኢትዮጵያ የኢንተርኔት ቅጥያ ነው። በድረ ገጽ አድራሻ መጨረሻ ላይ የሚቀመጡት ሁለት ፊደላት ማለት ነው። የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። በአማርኛ ተሰባስቦ የተጻፈ ነገር ፈልጌ ስላጣሁ፣ ያገኘሁትን እዚህ አስቀምጫለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ፊደላቱን የመረጠው ቴሌ አይደለም። አይሶ 3166 ከሚባለው ዓለም አቀፍ የአገሮች ኮድ ዝርዝር የተወሰዱ ናቸው። የዶሜይን (የድረ ገጽ አድራሻ) ስሞችን ሥርዓት ሲያስተባብር የነበረው አሜሪካዊው ጆን ፖስቴል በ1994 ባወጣው ሰነድ ነገሩን በብልሃት ነው ያለፈው። አገር የትኛው ነው፣ የትኛው አይደለም የሚለውን መወሰን የእኛ ሥራ አይደለም ብሎ ዝርዝሩን እንዳለ ተቀበለ። ኢ እና ቲ ለእኛ እንግዳ አይደሉም። የአየር መንገዳችን የበረራ ቁጥር በእነሱ ይጀምራል። የብር ዓለም አቀፍ ኮድም እንዲሁ።

አማርኛ ግን እንዲህ አልቀናውም። የቋንቋው ዓለም አቀፍ ኮድ ኤ ኤም ነው። ዶት ኤኤም ደግሞ የአርመን ቅጥያ ነው። ለሬዲዮ ጣቢያ ይመቻል እየተባለ ይሸጣል።

ዶት ኢቲ የተመዘገበው ጥቅምት 15 ቀን 1995 ነው። ያኔ አገር ውስጥ ለሕዝብ የተከፈተ ኢንተርኔት አልነበረም። አዲስ አበባ ባለው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በኩል ጥቂት ተቋማትና ግለሰቦች በስልክ መስመር ኢሜይል ይላላኩ ነበር። ኢንተርኔት በይፋ የተጀመረው በ1997 ነው። በ1996 ኮርፖሬሽን የሆነው መሥሪያ ቤት በ2010 ኢትዮ ቴሌኮም ተባለ። ስሙ ቢቀያየርም ቅጥያው ከእጁ አልወጣም። ከ1894 ጀምሮ የአገሩን ስልክ ይዞ የቆየ ቤት ነውና፣ አደራውን መያዙ ብዙም አይገርምም። ከ1997 እስከ 2010 ያሉት ዓመታት በአመዛኙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የዩኒቨርሲቲዎች ገጾች የተከፈቱባቸው ናቸው።

አድራሻዎቹ በዘርፍ የተከፋፈሉ ነበሩ። ለንግድ ኮም ዶት ኢቲ፣ ለመንግሥት ጎቭ ዶት ኢቲ፣ ለትምህርት ኢዱ ዶት ኢቲ፣ ለድርጅቶች ኦርግ ዶት ኢቲ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አድራሻ ዛሬም በኢዱ ዶት ኢቲ ያልቃል። አሁን ግን መሃል ያለውን ዘለው በቀጥታ ኢቲ የሚሉ አሉ። ኢቢሲ አንዱ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ራሱና ንግድ ባንክም እንዲሁ። ተፎካካሪው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም ዶት ኢቲን ነው የመረጠው። አየር መንገዱ ግን ገበያው ዓለም ነውና ዶት ኮም ላይ ነው። ሪፖርተርና አዲስ አድማስ ጋዜጦችም ዶት ኮም ናቸው።

የአገር ቅጥያ ሀብት ይሆናል ወይ ሲባል መጀመሪያ የምትጠራው ቱቫሉ ናት። ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ያለች፣ ወደ 11 ሺህ ሰው የሚኖርባት የደሴቶች አገር ናት። የደረሳት ኮድ ቲ ቪ ሆነና ዶት ቲቪ የቴሌቪዥን ቅጥያ ሆኖ ቁጭ አለ። በ2000 ገደማ አንድ የአሜሪካ ኩባንያ በ12 ዓመት ውስጥ 50 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍላት ተስማማ። በዚያው ዓመት መስከረም ቱቫሉ የተባበሩት መንግሥታት አባል ሆነች። የአባልነቱ ወጪ የተሸፈነው ከዚሁ ገንዘብ ነው። ቅጥያው በኋላ ወደ ቬሪሳይን፣ በ2022 ደግሞ ወደ ጎዳዲ ኩባንያ ተዛወረ። አሁን በዓመት ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር ታገኝበታለች። ቀድሞ ተታልላለች የሚሉ አሉ፣ ለአነስተኛ አገር በቂ ነበር የሚሉም አሉ። በእኔ እምነት ተታልላለች። እንደ ትዊች ያሉ የቪዲዮ ገጾች በዶት ቲቪ ሲገነቡ ሰፊው ትርፍ ባሕር ማዶ ነበር የቀረው።

የሰሞኑ ባለዕድል አንጉይላ ናት። ካሪቢያን ላይ ያለች የብሪታንያ ግዛት ስትሆን ነዋሪዎቿ ወደ 16 ሺህ ይጠጋሉ። በ1995 የተመዘገበላት ቅጥያ ዶት ኤአይ ነው። ለዓመታት ዞር ብሎ ያየው ሰው ጥቂት ነበር። ኤአይ ግን በእንግሊዝኛ የሰው ሠራሽ አስተውሎት አጭር መጠሪያም ነው። በ2022 መጨረሻ የዚሁ ቴክኖሎጂ ውጤት የሆነው ቻትጂፒቲ ወጣ። በዚያ ዓመት 144 ሺህ የነበረው የዶት ኤአይ አድራሻ በ2023 ወደ 354 ሺህ ዘለለ። የ2023 ገቢዋ 32 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ ከመንግሥቷ ጠቅላላ ገቢ ከአምስት አንዱ ማለት ነው። በ2024 ወደ 39 ሚሊዮን አደገ። አንድ አድራሻ የሚሸጠው ቢያንስ ለሁለት ዓመት ነው፣ ዋጋውም በ2024 140 ዶላር ነበር። ከዚያም በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል። ማዕበል ሲመጣ ቱሪስት ይቀራል፣ የዶሜይን እድሳት ግን አይቀርም።

እነዚህ ሁለቱ የፊደል ሎተሪ የወጣላቸው ናቸው። ሎተሪው ለአንዳንዱ ጣጣ ይዞ ነው የሚመጣው። ፓስፊክ ላይ ያለችው የኒውዚላንድ ግዛት ቶክላው ዶት ቲኬን በነጻ ስታድል ቆይታ ቅጥያው የአጭበርባሪዎች መናኸሪያ ሆነ። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ የቅጥያውን አከፋፋይ ኩባንያ ከሰሰው፣ ኩባንያው በ2024 ከዶሜይን ሥራ ወጣ።

ቅጥያ ሊሞትም ይችላል። የዩጎዝላቪያ ዶት ዋይዩ በ2010 ተዘጋ። የሶቪየት ኅብረት ዶት ኤስዩ ግን አገሩ ከፈረሰ ከሠላሳ ዓመት በኋላም አልተነሣም፤ ስለዚህ ኮዱ ከአይሶ ዝርዝር የወጣ ቅጥያ ይነሣል የሚለው ሕግ ለሁሉም እኩል ሠርቷል ለማለት ይከብዳል። አሁን ብዙ የሚያወዛግበው የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የሚወዱት ዶት አይኦ ነው። የብሪታንያ የሕንድ ውቅያኖስ ግዛት ቅጥያ ነው። ብሪታንያ ይህን ግዛት፣ ማለትም የቻጎስ ደሴቶችን፣ ለሞሪሸስ ለማስረከብ በግንቦት 2025 ስምምነት ፈርማለች። ኮዱ ከአይሶ ዝርዝር ከወጣ፣ የዶሜይን ስሞችን ሥርዓት የሚመራው አይካን ባጸደቀው ደንብ መሠረት የአምስት ዓመት ጊዜ ተሰጥቶት ይዘጋል። ጊዜው ሊራዘምም ይችላል።

ጎረቤታችን ሶማሊያም ከሎተሪው ደርሷታል። ዶት ኤስኦ በ2010 ለዓለም ሲከፈት የውጭ ገዢ አገኘ። ኖሽን የተባለው ዝነኛ የማስታወሻ መተግበሪያ ለረጅም ጊዜ በእሱ ነበር።

ዶት ኢቲስ? በእንግሊዝኛ በኢ ቲ የሚያልቅ ቃል ሞልቷል። ፕላኔት አለ፣ ማርኬት አለ፣ ቲኬት አለ። ፕላን ብሎ ዶት ኢቲ ቢጨመርበት ፕላኔት ይሆናል። እንዲህ ዓይነት አድራሻ የሚፈልግ ፈረንጅ አይጠፋም። እኔ ግን የዶት ኢቲ ዋጋ ከዚህ የሚመጣ አይመስለኝም። ጀርመኖች በፊደል ቀልድ አይደለም ከ17 ሚሊዮን በላይ የዶት ዲኢ አድራሻ የያዙት። የሰፈር ዳቦ ቤታቸው ሳይቀር ስለያዘው ነው። የደቡብ አፍሪካው ከአንድ ሚሊዮን አልፏል። ኬንያ ደግሞ በ2017 መካከለኛው ደረጃ የሌለበትን ዶት ኬኢ በቀጥታ መሸጥ ጀመረች።

የእኛ ዳቦ ቤት የሚገኘው ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ነው። ባለፈው አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ገጽ አልከፍት ብሎኝ ደወልኩ። የመለሰችልኝ ልጅ በትሕትና፣ «አባቴ፣ በቴሌግራም ቻናላችን ይግቡ» አለችኝ። ጎቭ ዶት ኢቲ ተብሎ የተጻፈው የበሩ ላይ ሰሌዳ ያኔም እንደተሰቀለ ነበር።

ዶት ኢቲ ያለ ሙግት የሚያሸንፍበት አንድ ነገር አለ። በብር ይከፈላል። ዶት ኮም ከውጭ ሻጭ በቀጥታ ለመግዛት ዶላርና ዶላር የሚያስከፍል ካርድ ያስፈልጋል። ውጭ የሚኖር ዘመድ በካርዱ የሚከፍልለት ነጋዴ ብዙ ነው፤ ዘመድየው እድሳቱን የረሳ ዕለት አድራሻው ይጠፋል። በሐምሌ 2024 ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር ወደ 57 ብር ነበር። በ12 ዶላር የሚሸጥ ዶት ኮም 690 ብር ገደማ ይወጣበት ነበር ማለት ነው። በ2025 ያው አድራሻ ከ1,500 ብር በላይ ሆኗል። ጀማሪ ባለሱቅ ይህን ሒሳብ መሥራቱ አይቀርም። አመዘጋገቡ እንደ ቴሌብር በስልክ ቁጭ ተብሎ የሚያልቅ ቢሆን፣ ገበያው በሌላ መልክ በተገኘ ነበር።

የመጨረሻው ጉዳይ የግዕዝ ፊደል ነው። ግብጽ፣ ሳዑዲ ዓረቢያና ሩሲያ ከ2010 ጀምሮ በራሳቸው ፊደል የተጻፈ የአገር ቅጥያ አላቸው። ግዕዝ በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር ፊደላት ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። በ2017 ደግሞ አይካን ፊደሉ በቅጥያነት እንዴት እንደሚያገለግል የሚወስን ደንብ አካትቷል። አስቸጋሪው ሞክሼዎቹ ናቸው። ፀሐይ የሚለውን ስም አንዱ በፀሐዩ ፀ፣ ሌላው በጸሎቱ ጸ ይጽፈዋል። ሁለቱ የተለያዩ አድራሻዎች ከሆኑ ባንክ የሚመስል ገጽ ከፍቶ ሰው ማታለል ቀላል ነው። ሌላም ትንሽ ነገር አለ። በአማርኛ ኪቦርድ ነጥብ ብለው ሲጫኑ የሚወጣው አራት ነጥብ ሊሆን ይችላል። አድራሻው የሚፈልገው ግን አንዷን ነው።