ፌይሪ ሽሪምፕ ሽሪምፕ ነውን?

ሐረር ውስጥ ባዮሎጂ ሳስተምር ተማሪዎቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው፤ ጥያቄያቸውም ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ግራ የሚያጋባው ስያሜው ራሱ ነው። ሁለቱም ክሩስታሴያን (እንደ ሸርጣን ያሉ እግራቸው ባለመገጣጠሚያ የሆነ እንስሳት) ቢሆኑም፣ ለምግብነት የሚቀርበው ሽሪምፕ በማላኮስትራካ መደብ የዴካፖዳ ክፍለ መደብ ሲሆን፣ በኩሬ የሚኖረው ትንሹ የውሃ እንስሳ ፌይሪ ሽሪምፕ ግን በብራንኪዮፖዳ መደብ የአኖስትራካ ክፍለ መደብ ነው።

አኖስትራካ ከግሪክኛ የመጣ ቃል ሲሆን «ቅርፊት አልባ» ማለት ነው፤ በእርግጥም እንስሳው ጀርባውን የሚሸፍን ጋሻ የለውም። ዓይኖቹ በአጫጭር ዘንጎች ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ አብዛኞቹ ዝርያዎች ያሏቸው 11 ጥንድ ቅጠል መሰል እግሮች ደግሞ ለመዋኘት፣ ለመተንፈስና ምግብ አጥልሎ ለመሰብሰብ ያገለግላሉ። የሚዋኘው በጀርባው ተንጋሎ፣ ሆዱን ወደ ብርሃን አዙሮ ነው፤ በብርጭቆ ውስጥ ሳለ ከሥር መብራት ቢበራለት ይገለበጣል።

ዝርያን ለመለየት ዋናው መነሻ ወንዱ በግንኙነት ጊዜ ሴቷን የሚይዝበት ሁለተኛው ጥንድ አንቴና (በራሱ ላይ ያለ መዳሰሻ) ነው። ስለዚህ የእንቁላል ከረጢት ያላት ሴት ብቻዋን ከተገኘች ዝርያዋን በእርግጠኝነት መናገር ብዙ ጊዜ ያስቸግራል።

በ2010 እ.ኤ.አ. በሳይንስ የተገለጸው ብራንኪኔክታ ብሩሺ የተባለው የፌይሪ ሽሪምፕ ዝርያ የተገኘው በሰሜን ቺሊ፣ በእሳተ ገሞራ አፍ ላይ ባለ ኩሬ፣ 5,930 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ይህም ከራስ ዳሽን ጫፍ ከ1,300 ሜትር በላይ ይበልጣል። እንዲህ ያሉ ኩሬዎች ሲደርቁ ወይም ሲቀዘቅዙ ትውልዱን የሚያሻግሩት ድርቀትን ለዓመታት የሚቋቋሙት ጠንካራ ሽፋን ያላቸው እንቁላሎች ናቸው።